ክኒን የማይዋጥበት ሳምንት

ገና ጎሕ ሳይቀድ ዱፊን ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት የእናቷ የሰላምታ ድምፅ ነበር። ሰላምታው የቤተሰብ አልነበረም፤ ከሩቅ ለመጣ እንግዳ የሚሰጥ፣ ረጋ ያለና ክብር የበዛበት ነበር። «እንደምን አደርክ? እንኳን ደህና መጣህ» ይላል፤ ጥቂት ዝም ይላል፤ መልስ ያገኘ ይመስል «እሰይ» ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በዚህ ሰዓት ማን መጣብን ብላ ጨርቋን ብብቷ ሥር ጠምጥማ በሩን ገርበብ አደረገችው። የጥር አቧራ ከሰሜን በረሃ መጥቶ ሰፈራቸውን ባንታማን ካለበሳት ሰንብቷል፤ ከግቢው ማዶ ያለው የኩሽናው ግድግዳ እንኳን አይታይም። የሚታዩት፣ ቅዳሜ ለአክስታቸው ሙት ዓመት ተከራይተዋቸው ባለቤቱ እስከ ዛሬ ያልወሰዳቸው የፕላስቲክ ወንበሮች ብቻ ነበሩ፤ እንደተደረደሩ ቀርተዋል። እናቷ ናና አሞአኮዋ ምርኩዛቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው፣ የማይታዘዘውን እግራቸውን እየጎተቱ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው ከቀኝ ወደ ግራ ረድፉን ተከትለው፣ ባዶውን አየር አንድ በአንድ ይጨብጡ ነበር።

የሚጨብጡትን በስም ይጠሩታል። ሙት ዓመቷ የተበላላትን አክስት ጠሩ። ዱፊ ልጅ ሳለች መኪና የገጨውን የጎረቤት ልጅ ጠሩ። ዱፊ ጭራሽ የማታውቃቸውን ሰዎች ጠርተው ስለ ከብታቸውና ስለ ኮኮዋ እርሻቸው ጠየቁ። ከዚያ አንዱ ወንበር ጋ ሲደርሱ የዘረጉት እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። «አጄኩም? አንተ ደግሞ ከእነዚህ ጋር ምን ትሠራለህ?» አሉ። «ልብስህም አዲስ ነው። እጅህን አትሰጠኝም?» ዱፊ ቀና ስትል አጄኩምን በገዛ ክፍሉ በር ላይ አየችው፤ የጥርስ መፋቂያው አፉ ውስጥ እንዳለ ደርቆ ቆሟል። ከእናቱ እስከ እሱ ያለው ርቀት ሁለት እናቶች ፊት ለፊት ቆመው ፉፉ የሚባለውን ምግብ በሙቀጫ የሚወቅጡበት ያህል ነው፤ ሆኖም እናቱ እሱን አላዩትም። ወንበሩን ነበር የሚያዩት።

አጄኩም የናና ብቸኛ ወንድ ልጅ፣ የዱፊ ታላቅ ወንድም ነው። የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ በሰፈሩ ቤተ ክርስቲያንም ዲያቆን ነው፤ ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ማስታወቂያ የሚያነበው እሱ ነው። ከክረምት ወዲህ ግን ሆዱን አንድ ነገር ይበላዋል። ሐኪም አይቶት ምንም አላገኘም፤ ምንም አለመገኘቱ ደግሞ ከሚገኝ በሽታ ይልቅ አስፈራው። ቀበቶው አዲስ ቀዳዳ ተበስቶለታል። በዚያ ላይ፣ ቡዳ ባዕድ እንደማይበላ፣ የገዛ ማህፀኑን ፍሬ እንደሚበላ፣ የሚበላውንም አስቀድሞ ከሙታን መሃል እንደሚያስቀምጠው፣ በዚያ ግቢ ውስጥ ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን ካልሆነ በቀር የማያውቅ የለም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? አጄኩም መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ መሬት ጣለውና በሩን ዘጋ።

ፀሐይ እንደ ታጠበ ሳንቲም ነጥታ ስትወጣ ወሬው ግቢውን አዳርሶ ጨርሶ ነበር። ናና በራቸው ላይ ባለችው ዝቅተኛ በርጩማ ተቀምጠው፣ እንደ ወትሮው፣ ራሳቸው ግን ሳይቀምሱ፣ ከዳቦአቸው ቆርሰው ለተከራይዋ ለኤሲ ልጅ ሲዘረጉ፣ ኤሲ ከውሃ በርሜሉ ተንደርድራ መጥታ ዳቦውን ከልጇ እጅ ነጠቀችና ለዶሮዎቹ ወረወረችው። ያቺ ልጅ ከተወለደች ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከዚያ እጅ ነው የበላችው። ኤሲ ግን ቀና ብላ ሳታያቸው «ናና፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጠግባለች» አለች። ቀጥሎ ወደ ዱፊ ዞራ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ «ስሚ፣ እኔ ኪራይ የምከፍለው ለአንድ ክፍል ነው። ግቢውን ከሙታን ጋር እንደምጋራ ስገባ የነገረኝ የለም» አለቻት። በሌላ ቀን ቢሆን ዱፊ በሳቅ ትፈነዳ ነበር። አሁን ግን ዶሮዎቹ ዳቦውን ሲሻሙ አየች፤ ናና የተዘረጋ እጃቸውን ቀስ ብለው ጭናቸው ላይ መለሱት።

አጄኩም ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ሲወጣ በእናቱ በኩል አላለፈም፤ በግድግዳው ጥግ ዞሮ ዱፊ ልብስ ወደምትሰፋበት ጠባብ ክፍል መጣ። የሰው ቀሚስ ከተከመረበት ወንበር ላይ ቀሚሱን አንስቶ መቀመጥ ሲገባው፣ ቆሞ የልብስ ስፌት መኪናዋን ጎማ በጣቱ አሽከረከረ። «መኪና ቀጥሬአለሁ» አለ። «ከቀትር ጸሎት በኋላ ይመጣል።»

«ወዴት?»

«ወደ ጸሎት ሰፈሩ።»

«እዚያ እኮ ርኩስ መንፈስ አለባቸው የሚሏቸውን በሰንሰለት ነው የሚያስሯቸው፣ ወንድሜ። ውሃ እንኳን አይሰጧቸውም። በዚህ ዕድሜዋ?»

«የሚታሰረው እሷ አይደለችም። በውስጧ ያለው ነው።» ጎማውን ለቀቀው። «ስሜን ስትጠራ ሰምተሻል አይደል? አልሰማሁም በይኝ እስቲ።»

ዱፊ አልሰማሁም ማለት ፈለገች። ግን ሰምታለች። «ሰምቻለሁ» አለች። ከውጭ የመጥረጊያ ድምፅ ይመጣል፤ አንዷ ተከራይ ግቢውን እየጠረገች ነው፤ ወንበሮቹ ጋ ስትደርስ ግን መጥረጊያው ዝም ብሎ፣ ከረድፉ ማዶ እንደገና ይሰማል። አጄኩም ሊወጣ ሲል «ንጹሕ ጨርቅ አልብሻት» አለና ሄደ።

ዱፊ ልብሳቸውን ለመቀየር እናቷን ወደ ክፍላቸው አስገባቻቸው። የናና ክፍል አንድ አልጋ፣ የልጆቹ አባት ፎቶና በጨርቅ የተሸፈነ ማቀዝቀዣ ያለበት ነው፤ ማቀዝቀዣው አይሠራም፣ ልብስ ይቀመጥበታል። ዱፊ እግራቸውን ከአልጋው ላይ ልታነሳ ስትሞክር እንደ ሙቀጫ ዘነዘና ደርቆ አገኘችው። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ከወደቁ ወዲህ ያ እግር ድርቅ ብሎ ነበር፤ ከክሊኒኩ ጡንቻ የሚያላላ ክኒን ታዞላቸው፣ ጠዋትና ቀትር ማታም እየዋጡ፣ ቀስ በቀስ ላልቶላቸው እስከ ግቢው በር ይሄዱ ጀምረው ነበር። እንቅልፍ እንቅልፍ ይላቸዋል እንጂ ሌላ ችግር አላመጣባቸውም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲያንጎላጁ አጄኩም ከመድረክ እያየ ያፍር ነበር። አሁን ግን እግሩ ደርቆ ብቻ አልቀረም፤ ማንም ሳይነካው በራሱ ይዘልላል። ግንባራቸው ይፈጃል። ጣቶቻቸው ከጨርቃቸው ላይ የሌለ ክር ይለቅማሉ። ዓይናቸው ደግሞ ከዱፊ ትከሻ በላይ የሆነ ሰው እየተከተለ ከበሩ እስከ መስኮቱ ሄደ።

«ውሃ ስጫቸው እንጂ» አሉ ናና በቁጣ። «ሰው ውሃ ሳይጠጣ እንዴት የመጣበትን ይናገራል? እንዲህ ነው ያሳደግኩሽ?»

ዱፊ ጽዋውን ሞልታ ወጣች። ምን እንዳደረጋት ኋላም አልገባትም፤ ደጅ ላይ ውሃውን ደፍታ መመለስ ትችል ነበር። እሷ ግን ጽዋውን በሁለት እጇ ይዛ በወንበሮቹ ፊት አለፈች፤ ረድፉን ጨርሳ ስትቆም ከቀኝ ወደ ግራ መሄዷን አስተዋለች። ከሩቁ ኤሲና መጥረጊያ የያዘችው ሴት ያዩዋት ነበር። ማናቸውም አልሳቁም። ከወንበሮቹ አንዱ ላይ አቧራው ተጠርጎ፣ ሰው የተቀመጠበት የመሰለ ንጹሕ ስፍራ ነበር፤ ድመትም ልትሆን ትችላለች። ዱፊ ድመት ነች ብላ ለራሷ ነገረችና እየተጣደፈች ገባች።

የናናን ጨርቅ ስትፈታ ጫፉ ላይ የተቋጠረ ነገር እጇን ወጋት። አሮጊት ሁሉ ሳንቲሟን በጨርቋ ጫፍ ትቋጥራለች፤ ዱፊም ሳንቲም መስሏት ነበር። ስትፈታው ግን ነጫጭ ክኒኖች ወጡ፤ በላብ ርሰው እርስ በርስ የተጣበቁ። ከእሁድ ጀምሮ በእጇ የሰጠቻቸው ሁሉ እዚያ ነበሩ። ስትሰጣቸው «ጸሎቴን ልጨርስና እውጣለሁ» ይሏት ነበር፤ እሷም የሰው ቀሚስ እየቸኮለባት ተመልሳ ሳታይ ወደ ስፌት መኪናዋ ትሮጥ ነበር። «እማዬ፣ አልዋጥሽም እንዴ?» አለቻቸው። ናና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። «እሁድ ያልቃል» አሉ በሹክሹክታ። «ስም ተሸክሜአለሁ።»

ዱፊ ቁጭ አለች። በየዓመቱ ጥር ላይ አጄኩም የጾሙን ሳምንት ማስታወቂያ በወፍራም ድምፁ ያነባታል፤ ዘንድሮም አንብቧታል። በሳምንቱ ውስጥ እያንዳንዱ ምእመን የአንድ ሰው ስም ተሸክሞ ይጾማል። ፀሐይ እስክትጠልቅ እህል የለም፣ ውሃ የለም፤ ክኒን ግን ቀንም ሆነ ማታ አይዋጥም፤ ከተዋጠ ጾሙ እንደ ተፈታ ይቆጠራል። የተሸከሙትን ስም ለማንም አይናገሩም። ጾሙ ከእሁድ በፊት ከተፈታ ግን፣ ለስሙ ባለቤት የተለመነው ሁሉ ተገልብጦ በዚያው ሰው ላይ ይወድቃል። ጎልማሶቹ ይህን ሰምተው ሲወጡ ይቀልዱበታል፤ ጨጓራ ያለበትም ተደብቆ ክኒኑን ይውጣል። ናና ግን ልጃቸው ያነበበውን ቃል በሙሉ የሚያምኑ ሴት ናቸው። ዱፊ ክሊኒኩ መጀመሪያ መድኃኒቱን ሲሰጣት ሐኪሙ «በድንገት እንዳታቋርጡባት» ማለቱ ትዝ አላት። ሐኪም ሁሉ ስለ መድኃኒት ሁሉ የሚለው ነገር መስሏት ነበር።

የቀትሩ መኪና ሳይመጣ መውጣት ነበረባት። ቋጠሮውን ጡት መያዣዋ ውስጥ ወሽቃ ከመንገድ ታክሲ ጠራች። ሾፌሩ በአገሩ ገንዘብ አርባ ሲዲ ሲላት እሺ አለችው፤ በዚያ መንገድ አርባ ሲዲ ተብሎ የማይከራከር ሰው ስለማይገኝ ሰውየው ራሱ ደነገጠ። እናቷን ግማሽ ተሸክማ ግማሽ ጎትታ ስታወጣ ማንም አልረዳትም፤ ኤሲ ብቻ የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ከበሩ ርቃ ቆመች። መኪናው ውስጥ ናና ወደ ጥግ ተጠጉ፤ ዱፊንም «ጠጋ በይ፣ ይቀመጡ» አሏት። ሾፌሩ በመስታወቱ እያየ ሊቀልድ ፈለገ። «እማማ፣ ስንት ነን እንግዲህ?» ናና ዞር ዞር ብለው ካዩ በኋላ «አምስት» አሉት። ሾፌሩ ሬዲዮውን አጠፋ። ክሊኒኩ እስኪደርሱ ቃል አልተናገረም፤ ዱፊ ገንዘቡን ስትሰጠው በጣቶቹ ጫፍ ብቻ ተቀበላት።

የክሊኒኩ ሐኪም ዶክተር ባዋ የሰሜን ሰው ነው፤ ወጣት ነው፣ ዓይኑ ግን የደከመ ሽማግሌ ዓይን ነው። መጀመሪያ ትኩሳቱን ለካና ወባ ነው ሊል ሲል ዱፊ ቋጠሮውን ጠረጴዛው ላይ ፈታችለት። ክኒኖቹን በእስክሪብቶው እየለያየ ተመለከታቸው። «መቼ ነው ያቆመችው?» አለ። ነገረችው። የናናን ጉልበት ሊያጥፍ ሞከረ፤ አልታጠፈም። «ይህ መድኃኒት እንደ ሳል ሽሮፕ ተሻለኝ ተብሎ የሚጣል አይደለም፣ እህቴ» አላት። «ሰውነት ከለመደው በኋላ ባንድ ጊዜ ከነጠቅሽው ይበረግጋል። እግር ይደርቃል፣ ትኩሳት ይነሣል፣ የሌለ ሰው ይታያል። ማቆም ካስፈለገም እኛ እያየን ቀስ በቀስ ነው።»

«የሌለ ሰው ይታያል?»

«በቁሙ። እንደኔና እንዳንቺ።»

ዱፊ ልታለቅስ ነበር፤ ደስታ ይሁን ቁጣ አልለየችውም። ሐኪሙ ቀጠለ፤ ዛሬ ካልዋጠች ማታውን ሰውነቷ በሙሉ ሊንቀጠቀጥ፣ ልቧም ላይችለው ይችላል አለ። ያመለጣትን ሁሉ ሰብስበን እንስጣት ብላ ብትጠይቀው ደግሞ በሁለት እጁ ከለከላት። «እንዲያማ ከሆነ ተኝታ ትንፋሿ ይቀራል። የወትሮውን ልክ ብቻ።» የዚያው መድኃኒት መርፌ ግን ክሊኒኩ ውስጥ አልነበረም። የማረጋጊያ መርፌ ብሰጣት ለጊዜው ያበርድላታል እንጂ ነገሩን አይፈታውም፤ በአፏ መዋጥ አለባት አለ። አንዲቱን ክኒን ከውሃ ጋር ሲያቀርብላቸው ናና ጥርሳቸውን ገጠሙ። በአጥሚት ፈጭተው ቢያቀርቡላቸው አሽትተው ተፉት። «በግድ ከሆነ ወደ ሳንባዋ ይገባል» አለ ዶክተር ባዋ። ዱፊ ጎንበስ ብላ በጆሯቸው ለመነቻቸው፣ ተቆጣቻቸው፣ እንደገና ለመነቻቸው። ናና በእነዚያ የተቃጠሉ ዓይኖች አዩአትና «እኔ ብውጥ እሱ ይተኛል» አሉ። «ልጄን በገዛ አፌ ላስተኛው?»

መተኛት ያሉት መሞትን ነው፤ ናና ደግሞ አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነው ያላቸው። ዱፊ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ አጄኩም ጋ ደወለች። ሲያነሳው የመኪና ሞተር ይሰማል፤ መኪናው ደርሷል፤ እናቱንም ሲፈልጉ ቆይተዋል። «ወዴት ወሰድሻት?» ብሎ ጮኸባት። ነገረችው። ክኒኑን ነገረችው፣ ጾሙን ነገረችው። በመጨረሻ «የተሸከመችው ስም ያንተ ነው። ካንተ ሌላ የሚፈታት የለም። ና» አለችው። ስልኩ ተዘጋ። ዱፊ ወንድሟ የሚመጣው እናቷን ሊያድን ይሁን ሊወስድ ሳታውቅ በሩን እያየች ቀረች።

ሲመጣ ብቻውን አልነበረም፤ ከጸሎት ሰፈሩ የመጡ ነጭ የለበሱ ሁለት ሰዎች ከኋላው ነበሩ፤ አንዱ ከባድ የጨርቅ ከረጢት አንጠልጥሏል። ከረጢቱን ወለሉ ላይ ሲያስቀምጠው የብረት ድምፅ ሰጠ። አጄኩም በሩ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም። ዶክተሩ ለዱፊ ያለውን ሁሉ ደግሞ ነገረው። አጄኩም እያዳመጠ ሆዱን በመዳፉ ያሻል። «እሺ፤ የሌለ ሰው ይታያል» አለ። «ግን በከተማው ስንት ሰው ሞልቶ ለምን እኔ? ከሙታን መሃል ለምን እኔን አየች? ይህንንስ ክኒኑ ነው የሚነግርህ?»

«እሱን መድኃኒቱ አይነግረኝም» አለ ዶክተር ባዋ። «ሌት ተቀን የምታስበውን ታይ ይሆናል። ይህን እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።»

አጄኩም ከበሩ ሆኖ፣ ማስታወቂያ በሚያነብበት ድምፅ፣ «እማዬ፣ ጾሙን ፍቺው። እኔ ዲያቆኑ ነኝ፣ ፈትቼሻለሁ» አለ።

ናና ራሳቸውን ከትራሱ ቀና አደረጉ። «ማን ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ አጄኩም።»

«የቱ? ወንበሩ ላይ ያለኸው ወይስ በሩ ላይ ያለኸው?»

ከረጢት የያዘው ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከአልጋው አጠገብ የአስታማሚ ወንበር ነበረች፤ ዱፊ ሳታስበው ወደ እሷ አየች፤ ሐኪሙም አየ። «በሩ ላይ ያለሁት» አለ አጄኩም፤ እንደ ልጅ ነበር የተናገረው።

«እንግዲያው ግባና እጅህን ስጠኝ። ያኛው እጁን ነሳኝ።»

አጄኩም ገባ። ከበሩ እስከ አልጋው ያለችውን ጥቂት ስፍራ፣ ውሃ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው እግሩን እየመረመረ አቋረጣት። ሐኪሙ ክኒኑን መዳፉ ላይ አኖረለት። የናና እጅ እየተንቀጠቀጠ ሊያነሳው ስላልቻለ፣ ጎንበስ ብለው በከንፈራቸው ከልጃቸው መዳፍ ላይ ለቀሙት፤ ከንፈራቸው ሲነካው የአጄኩም ክንድ እስከ ትከሻው ሲደነግጥ ዱፊ አየች። እጁን ግን አልሳበም። ውሃውን ጠጡ። ዋጡ። ከዚያ መዳፉን በሁለት እጃቸው ይዘው «ሆድህ እንዴት ነው?» አሉት። «ምንም አይደል፣ ደህና ነው» አላቸው። «ሦስት ቀን ይቀረኝ ነበር፤ እግዜር ራሱ ይሙላው» አሉና እጁን እንደያዙ ዓይናቸውን ከደኑ። ሐኪሙ የማረጋጊያውን መርፌ ሰጣቸው። ቀስ በቀስ ጣቶቻቸው ላሉ፤ አጄኩም አንድ በአንድ ፈልቅቆ እጁን አስለቀቀና ወጣ። ነጭ የለበሱት ሰዎች ከረጢታቸውን አንስተው ተከተሉት፤ ወደ መኪናቸው ሲያዘግሙ ለማንም ደህና ዋል አላሉም።

ዱፊ በወንድሟ ኮራች። ፈሪ ነው ብላ ስታስበው ውላለች፤ ፈሪ ሰው ግን እንዲህ አያደርግም። አመሰግናለሁ ልትለው፣ ምናልባትም አብራው ልታለቅስ፣ ተከትላው ወጣች። ኮሪደሩ ላይ አልነበረም። ከመጨረሻው ጥግ የውሃ ድምፅ ሰማች። አጄኩም ነጭ ሸሚዙን እስከ ክርኑ ጠቅልሎ፣ ቧንቧው ሥር ጎንበስ ብሎ፣ እናቱ የነኩትን እጅ በሳሙና ይፈትግ ነበር። አጥቦ ጨርሶ አሸተተው፤ እንደገና ሳሙናውን አነሳ። መዳፉ ቀልቶ ነበር። ቀና ሲል ዱፊን አያት። ውሃው በመሃላቸው ሲፈስ ተያዩ፤ ከዚያ እሱ ወደ እጁ ተመለሰ። ዱፊ ዞራ ወደ እናቷ ሄደች፤ ክኒኑ ቢዋጥም ናና ለወንድሟ ቡዳ ሆነው መቅረታቸው ገባት። እናቷ ከዚህ አልጋ ይነሳሉ፤ ወደዚያ ቤት ግን ከእንግዲህ አይመለሱም።